ሁሉ ሲባል፣ አለ ሲባል

(የመግቢያ ዜማ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

በመሐል ሜዳና በዙሪያዋ ባሉት የመንዝ ቀበሌዎች፣ በግሼ፣ በመርሐቤቴ፣ ሬዲዮውን ይዛችሁ መስክ የወጣችሁም፣ ቤት ውስጥ የበግ ጠጉር እየፈተላችሁ የምታዳምጡንም እንደምን ዋላችሁ። የሒሳብ ዝግጅታችን ነው። ደብተርና እስክሪብቶ በአጠገባችሁ ካለ ጥሩ፤ ከሌለም አትጨነቁ። የዛሬው ሒሳብ በጆሮ የሚያዝ ነው።

በጥያቄ ልጀምር። ፋሲካ በየትኛው ወር ይውላል?

ስምንት ዓመት የሞላውን ልጅ ብትጠይቁት «በሚያዝያ» ይላችኋል። ማስረጃም አያጣም። በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ 20 ዋለ፤ በ2012 ሚያዝያ 11፤ በ2013 ሚያዝያ 24፤ በ2014 ሚያዝያ 16፤ በ2015 ሚያዝያ 8፤ በ2016 ሚያዝያ 27፤ በ2017 ሚያዝያ 12፤ በ2018 ሚያዝያ 4። ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ያየው ፋሲካ በሙሉ በሚያዝያ የዋለ ነው። «ፋሲካ ሁልጊዜ በሚያዝያ ይውላል» ቢል ማን ይፈርድበታል?

እኛ ግን እንፈርድበታለን። በ2010 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው መጋቢት 30 ቀን ነበር። በ2021 ዓ.ም.ም እንደገና መጋቢት 30 ይውላል። ስምንት ዓመት ሙሉ የተሰበሰበው ማስረጃ በአንድ ቀን፣ ያውም ለሚያዝያ አንድ ቀን በቀረው በመጋቢት 30፣ ተረታ።

ይህ ፍርድ አድሏዊ ይመስላል። ስምንት ለአንድ ሆኖ አንዱ አሸነፈ። ነገር ግን ልጁ «ብዙውን ጊዜ» ቢል ኖሮ አይረታም ነበር፤ «ሁልጊዜ» ስላለ ተረታ። ዛሬ የምንማረው የሒሳብ ዘርፍ ይህን ይመረምራል፤ ሰው «ሁሉ» ሲል ምን ዕዳ እንደሚገባ፣ «አለ» ሲልስ ምን ማምጣት እንዳለበት፣ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲያደርግ ደግሞ የትኛውን ማስቀደም እንዳለበት። የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች በሒሳብ ኮርሳቸው መጀመሪያ ምዕራፍ ላይ ያገኙታል። ስሙ የፕሬዲኬት ሎጂክ ነው። ስሙ ያስፈራል፤ ነገሩ ግን በየቀኑ ከአፋችን የሚወጣ ነው።

(አጭር ዜማ)

ከ«እገሌ» እንነሣ። «እገሌ ዲያቆን ነው» ብላችሁ እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። እገሌ ማን እንደሆነ አላውቅማ። ስሙን ስትነግሩኝ ብቻ ነው ዓረፍተ ነገሩ እውነት ወይም ሐሰት የሚሆነው። የሒሳብ ሰዎች እንዲህ ያለውን ክፍት ዓረፍተ ነገር ይሉታል። በትምህርት ቤት በፊደል የምንጽፈው ያልታወቀ ቁጥርም የቁጥሮች እገሌ ነው። «እገሌ ሲደመር 3 ከ10 ይበልጣል» ክፍት ነው። በእገሌ ፋንታ 8ን ብናስገባ እውነት፣ 2ን ብናስገባ ሐሰት ይሆናል።

ክፍቱን ዓረፍተ ነገር ለመዝጋት አንዱ መንገድ ይኸው ስም መስጠት ነው። ሌላው ደግሞ ስም ሳይጠሩ ስንቶቹ እንደሆኑ መናገር ነው። «ሁሉም ዲያቆን ናቸው» ስንል ተዘጋ። «ቢያንስ አንድ ዲያቆን አለ» ስንልም ተዘጋ። እነዚህ መዝጊያዎች ኳንቲፋየር ይባላሉ። የመጀመሪያውን ሁሉ-ባይ፣ ሁለተኛውን አለ-ባይ ብለን እንቀጥል።

ከመቀጠላችን በፊት ግን አንድ ነገር መወሰን አለበት። «ሁሉም» ያልነው ከእነማን ውስጥ ነው? በቤተ ክርስቲያኑ ቅኔ ማኅሌት የቆሙት ሁሉ ነው ወይስ በገበያ ያሉት ሁሉ? የምንናገርላቸው ነገሮች የተሰበሰቡበትን ስፍራ ክልል እንበለው፤ የአስተዳደር ክልል ማለቴ አይደለም። ክልሉ ሲለወጥ እውነቱም ይለወጣል። «በ0 እና በ1 መካከል ቁጥር አለ» የሚለው ክልሉ የመቁጠሪያ ቁጥሮች ከሆነ ሐሰት ነው። ክፍልፋዮችን ካስገባን ግን ግማሽም፣ ሩብም፣ ሲሶም አለ። ብዙ የሰፈር ክርክር የማያልቀው ሁለቱ ተከራካሪዎች የየራሳቸውን ክልል በሆዳቸው ይዘው ስለሚናገሩ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ዕዳውን እንይ። ሁሉ-ባይ የሚፈርሰው በአንድ ተቃራኒ ምሳሌ ነው። «የመንዝ በግ ሁሉ ጥቁር ነው» ላለ ሰው አንድ ነጭ ወይም አንድ ቡናማ የመንዝ በግ ጎትቶ ማምጣት ይበቃል። አለ-ባይ ደግሞ የሚጸናው በአንድ ምስክር ነው። በመሐል ሜዳ አቅራቢያ ያለውን የጓሳ ጥብቅ ስፍራ ውሰዱ። «በጓሳ ቀይ ቀበሮ አለ» ያለ ሰው አንዱን ካሳየን ነገሩ አለቀ። «በጓሳ ቀይ ቀበሮ የለም» የሚል ቢመጣ ግን ዕዳው ከባድ ነው። መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህለውን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ብሎ የተዘረጋውን ደጋ በሙሉ ጥሻ ለጥሻ መፈተሽ አለበት። «አላየሁም» ማለቱ አይበቃም። አለማየት የአንድ ሰው ጉዳይ ነው፤ «የለም» ግን ስለ ክልሉ ሁሉ የተነገረ ነው። ልብ በሉ፣ «የለም» ራሱ የተደበቀ ሁሉ-ባይ ነው፤ «በጓሳ ያለው እያንዳንዱ እንስሳ ቀይ ቀበሮ አይደለም» ማለት ነው።

የአለ-ባይን ዕዳ የመንዝ አባቶች ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት በርስት ሙግት የቆመ ሰው የሚያነሣው ክስ በሒሳብ ዓይን ሲታይ አለ-ባይ ነበር፤ «ከእኔ ተነሥቶ እስከ አቅኚው አባት የሚደርስ የዘር ሐረግ አለ» የሚል። በአባት በኩል ወይም በእናት በኩል መሆኑ አይከለክልም፤ አንድ ሐረግ ብቻ ይበቃል። ግን ያ አንዱ መቆጠር ነበረበት፤ እገሌ ከእገሌ እየተባለ። «አለኝ» ማለት ብቻ መሬት አያስገኝም ነበር። ተከራካሪው በፊናው ሐረጉ እንደሌለ ለማሳየት የሰውየውን የትውልድ መንገድ በሙሉ መዝጋት ይጠበቅበት ነበር። ስለዚህ ብልህ ተከራካሪ ያን ትቶ የተቆጠረው ሐረግ ላይ አንድ የተቀጠለ አያት ይፈልግ ነበር።

(ዜማ)

አሁን ወደ አንድ የዕድር ስብሰባ እንግባ። ገንዘብ ያዡ ወጣት ነው፤ ሪፖርት እያነበበ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ የዚህን ወር መዋጮ በተመለከተ ሁሉም አባላት አልከፈሉም።

አዛውንት፦ ምን አልክ ልጄ? እኔ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ በእጅህ አይደል እንዴ የሰጠሁህ!

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ እርስዎማ ከፍለዋል። እኔ ያልኩት ሁሉም አልከፈሉም ነው።

አዛውንት፦ እኮ! ሁሉም ካልከፈሉ እኔስ ከሁሉም ውስጥ አይደለሁም?

ማን ልክ ነው? ሁለቱም። «ሁሉም አልከፈሉም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በአማርኛችን ሁለት ነገር ተሸክሟል። ገንዘብ ያዡ «ሁሉም ከፍለዋል» የሚለውን ነው ያፈረሰው፤ ያልከፈለ ቢያንስ አንድ ሰው አለ ማለቱ ነው። አዛውንቱ የሰሙት ግን «እያንዳንዱ አባል አልከፈለም»፣ ማለትም አንድም የከፈለ የለም የሚለውን ነው። ልዩነቱ አፍራሹ ቃል ከሁሉ-ባዩ ውጭ በመቆሙ ወይም ወደ ውስጥ በመግባቱ ላይ ነው። ገንዘብ ያዡ «ያልከፈሉ አባላት አሉ» ብሎ ቢጀምር ኖሮ አዛውንቱ አይቆጡም ነበር።

ሕጉን በሒሳብ ቋንቋ እናስቀምጠው። ሁሉ-ባይ ሲፈርስ አለ-ባይ ይሆናል፤ «ሁሉም እንዲህ ነው» የሚለው ሲፈርስ «እንዲህ ያልሆነ ቢያንስ አንድ አለ» ይሆናል። አለ-ባይ ሲፈርስ ደግሞ ሁሉ-ባይ ይሆናል፤ «እንዲህ የሆነ አለ» የሚለው ሲፈርስ «እያንዳንዱ እንዲህ አይደለም» ይሆናል። ፈተና ላይ «ሁሉም በጎች ነጭ ናቸው የሚለውን አፍርሱ» ሲባል «ሁሉም በጎች ጥቁር ናቸው» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ብዙ ነው። ስህተት ነው። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ጊዜ ሐሰት ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ዓረፍተ ነገርና ማፍረሻው ግን በአንድ ጊዜ ሐሰት መሆን አይችሉም፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው መቆም አለበት። ትክክለኛው መልስ «ነጭ ያልሆነ በግ አለ» ነው፤ ጥቁር ይሁን ቡናማ ይሁን ቡራቡሬ አያገባንም።

ስለ በጎቹ ካነሣን አንድ ሌላ ነገር ላክል። ሁሉ-ባይ ውስጥ «ከሆነ» የሚል ቃል ተደብቆ አለ። «የመንዝ በግ ሁሉ ላት አለው» ማለት «ማንኛውም እንስሳ የመንዝ በግ ከሆነ ላት አለው» ማለት ነው። አለ-ባይ ውስጥ የተደበቀው ግን «እና» ነው። «አንዳንድ የመንዝ በግ ነጭ ነው» ማለት «የመንዝ በግ የሆነ እና ነጭ የሆነ እንስሳ አለ» ማለት ነው። ተማሪው ይህን በ«ከሆነ» ከጻፈው ጉድ ይመጣል። «የመንዝ በግ ከሆነ ነጭ የሆነ እንስሳ አለ» የሚለውን አንድ አህያ እውነት ያደርገዋል። አህያው የመንዝ በግ ስላልሆነ «ከሆነ» የሚለው ግዴታ አይነካውም፤ በነጻ ያልፋል። አህያ ስለ በግ ቀለም ሲመሰክር ማን ሰምቶ ያውቃል?

ከዚሁ የሚወለድ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። «በመሐል ሜዳ ከተማ የሚኖሩ ዝሆኖች ሁሉ አማርኛ ይናገራሉ።» በሒሳብ ሕግ ይህ እውነት ነው። አትሳቁ። ሐሰት ነው የሚል ሰው አማርኛ የማይናገር የመሐል ሜዳ ዝሆን ማምጣት አለበት፤ ከየት ያመጣል? ሁሉ-ባይ የሚናገርለት ነገር መኖሩን አያረጋግጥም። በዕድሩም «መዋጮ ያልከፈሉ ሁሉ ተቀጥተዋል» የሚል ሪፖርት ቢቀርብና ሁሉም ከፍለው ቢሆን፣ አንድም ሰው ሳይቀጣ ሪፖርቱ እውነት ነው። ሪፖርት ስትሰሙ «ሁሉ» ከሚለው በስተጀርባ ሰው አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

«ብቻ» የሚለውም ሰዎች የሚሳሳቱበት ሁሉ-ባይ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ በተፈጥሮ የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ይህ ማለት «እንስሳው የዱር ጭላዳ ከሆነ በኢትዮጵያ ይኖራል» ማለት ነው። ተገልብጦ «በኢትዮጵያ የሚኖር ከሆነ ጭላዳ ነው» አይሆንም።

(አጭር ዜማ)

አሁን የዛሬው ትምህርት ዋናው ላይ ደርሰናል፤ ቅደም ተከተል።

«ለእያንዳንዱ በግ ባለቤት አለ» እና «የሁሉም በግ ባለቤት የሆነ አንድ ሰው አለ» አንድ ናቸው? የመጀመሪያውን ገበያ ላይ ብትናገሩ ማንም አይገረምም። ሁለተኛውን ብትናገሩ ገበያው ይበተናል፤ ሁሉም በግ የአንድ ሰው ከሆነ ማን ለማን ይሸጣል? በሁለቱም ውስጥ ሁሉ-ባይና አለ-ባይ አሉ። የተለወጠው ተራቸው ብቻ ነው። ሁሉ-ባይ ሲቀድም ባለቤቱ በግ በተለወጠ ቁጥር ሊለወጥ ይችላል። አለ-ባይ ሲቀድም ግን ሰውየው አስቀድሞ ይመረጥና ለሁሉም እሱ ራሱ ይቆማል።

ይህን እንደ ቤተ ክርስቲያን ዘመን አቆጣጠር ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም። በዓላችን ሁለት ዓይነት ነው፤ ቋሚና ተዘዋዋሪ። ጥምቀትን ውሰዱ። «ለዓመታት ሁሉ ጥምቀት የሚውልበት አንድ ቀን አለ» ብትሉ እውነት ነው፤ ጥር 11። ቀኑ አስቀድሞ ተመርጧል፤ የትኛውንም ዓመት አምጡ፣ ያው ነው። እዚህ ላይ አለ-ባይ ይቀድማል። ፋሲካን ስትወስዱ ግን «ለእያንዳንዱ ዓመት ፋሲካ የሚውልበት ቀን አለ» ነው የሚባለው። ቀን የሌለው ዓመት የለም፤ ቀኑ ግን ከዓመት ዓመት ይለያያል። «በየዓመቱ ፋሲካ የሚውልበት አንድ ቋሚ ቀን አለ» ካላችሁ ሐሰት ሆነ። ቋሚና ተዘዋዋሪ የሚለው ልዩነት በሒሳብ ሲነገር የሁለት ኳንቲፋየሮች ተራ ነው።

ገና በመካከል ይቆማል። ሦስት ዓመት ታኅሣሥ 29 ውሎ በአራተኛው፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ 28 ላይ ይከበራል። ስለዚህ ገና ከሚታሰበው በላይ ለፋሲካ ይቀርባል፤ ለሁሉም ዓመት የሚሆን አንድ ቀን የለውም።

አሁን ክልሉን እንለውጥ። ከወሩ ቀኖች ወጥተን ወደ ሳምንቱ ቀናት እንግባ። «በየዓመቱ ፋሲካ የሚውልበት አንድ የሳምንት ቀን አለ።» እውነት ነው፤ እሑድ። ያው ፋሲካ በአንዱ ክልል ተዘዋዋሪ፣ በሌላው ቋሚ ሆነ። ጥምቀት ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ጥር 11 አንዴ ሰኞ፣ አንዴ ረቡዕ፣ አንዴ ቅዳሜ ይሆናል። ስፍር የሌለው የሚመስለው ፋሲካ እንኳ ሁሉ-ባይ ድንበር አለው፤ በየትኛውም ዓመት ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም።

ሁለቱም ኳንቲፋየሮች አንድ ዓይነት ከሆኑ ተራቸው ለውጥ አያመጣም። የጥንቱ የጓሳ ሕግ ሣሩ በተከለለበት ጊዜ ማንም እንዳያጭድ ያዝዝ ነበር። «ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለእያንዳንዱ የተከለለ ቀን» ብትሉም፣ «ለእያንዳንዱ የተከለለ ቀን፣ ለእያንዳንዱ ሰው» ብትሉም ያው ሕግ ነው፤ ማጭዱን ያነሣ ሰው በሁለቱም ያው አጥፊ ነው። ጣጣው የሚመጣው ሁሉ-ባይና አለ-ባይ ሲቀላቀሉ ብቻ ነው።

የተራው ነገር ታላላቆችንም ጥሏል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦጉስታን ሉዊ ኮሺ በ1821 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያልተቆራረጡ ፈንክሽኖች ማለቂያ በሌለው ድርድር ተደምረው አንድ ውጤት ላይ ከደረሱ ውጤቱም ያልተቆራረጠ ይሆናል አለ። ከአምስት ዓመት በኋላ ኖርዌያዊው ወጣት ኒልስ ሄንሪክ አቤል አንድ ተቃራኒ ምሳሌ አመጣ። ስህተቱ ተመርምሮ ሲገኝ የተራ ጉዳይ ሆነ። «ለእያንዳንዱ ነጥብ በቂ የሆነ የድምር ርቀት አለ» እና «ለነጥቦች ሁሉ የሚበቃ አንድ የድምር ርቀት አለ» የሚሉት ተቀላቅለው ነበር። የበጉ ባለቤት ጥያቄ ነው፤ ልብሱን ለውጦ መጣ እንጂ።

ቀላሉ የቁጥር ምሳሌ ይህ ነው። «ለእያንዳንዱ ቁጥር ከእሱ የሚበልጥ ቁጥር አለ።» እውነት፤ 1 ጨምሩበት። «ከቁጥሮች ሁሉ የሚበልጥ አንድ ቁጥር አለ።» ሐሰት፤ እሱም ላይ 1 ይጨመርበታል።

(ዜማ)

እስካሁን ሁሉ-ባይ እንዴት እንደሚፈርስ ነው ያየነው። እንዴት ይጸናል? ክልሉ ትንሽ ከሆነ አንድ በአንድ ማየት ይቻላል። የዕድሩን አባላት መዝገብ ከፍቶ ማጣራት ግማሽ ቀን አይፈጅም። ማለቂያ የሌለው ክልል ሲሆንስ?

ምሳሌ መቁጠር አያዋጣም። አንድ ቁጥር ውሰዱና በራሱ አባዙት፤ ራሱን ደምሩበት፤ 41 ጨምሩበት። ከ0 ጀምራችሁ እስከ 39 ብትሞክሩ አርባውም ውጤቶች ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የላቸውም። 41፣ 43፣ 47፣ 53 እያለ ይቀጥላል። አርባ ጊዜ የተሳካለት ሰው «ሁልጊዜ» ማለት ያምረዋል። በ40 ስትደርሱ ግን 1,681 ይመጣል፤ እሱ ደግሞ 41 በ41 ሲባዛ ነው። የስምንት ዓመቱ ልጅ ያጋጠመው ይኸው ነው። በ1742 እ.ኤ.አ. ክርስቲያን ጎልድባክ ለሊዮናርድ ኦይለር በጻፈው ደብዳቤ የተነሣው ግምትም አለ፤ ከ2 የሚበልጥ ተጋማሽ ቁጥር ሁሉ የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ድምር ነው የሚል። በኮምፒውተር እጅግ ግዙፍ እስከሆኑ ቁጥሮች ድረስ ተፈትሿል፤ አንድም የሚያፈርሰው አልተገኘም። ሆኖም እስካሁን ማንም አላረጋገጠውም።

ማረጋገጫ ምን እንደሚመስል ከባሕረ ሐሳብ ላሳያችሁ፤ በትውፊት ድሜጥሮስ ቀመረው የሚባለውና የኔታዎች የሚያስተምሩት የበዓላትና የአጽዋማት ስሌት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ተደምሮ ለ19 ይካፈላል፤ ከቀሪው አንድ ይቀነሳል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበር በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ቀሪው አበቅቴ ነው። ወንበር በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ቀሪው መጥቅዕ ነው። በ2016 ዓ.ም. ወንበር 10 ነበር። 110 ለ30 ሲካፈል ቀሪው 20፣ አበቅቴ ማለት ነው። 190 ለ30 ሲካፈል ቀሪው 10፣ መጥቅዕ ማለት ነው። ድምራቸው 30። በ2017 አበቅቴ 1፣ መጥቅዕ 29፤ ድምራቸው 30። በ2018 አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18፤ ድምራቸው አሁንም 30።

ሊቃውንቱ «የአበቅቴና የመጥቅዕ ድምር ሁልጊዜ 30 ነው» ይላሉ። ይህም ሁሉ-ባይ ነው። የዓመታትን ዝርዝር ይዘን ስንፈትሽ መኖር አለብን? የለብንም። ወንበሩ ስንት እንደሆነ ሳንጠይቅ «እገሌ» እንበለው። እገሌ በ11፣ እገሌ በ19፤ ሁለቱ ሲደመሩ እገሌ በ30 ይሆናል፤ 11 እና 19 ሠላሳ ናቸውና። ስለዚህ ድምሩ ለ30 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ሁለቱ ቀሪዎች እያንዳንዳቸው ከ30 ያነሱ ስለሆኑ፣ ዜሮ ካልሆኑ በቀር ድምራቸው ከ30 ሌላ የሚያርፍበት የለውም። ወንበር ዜሮ የሆነበትን ዓመት ደግሞ አበቅቴ አልቦ፣ መጥቅዕ 30 ብለው ሊቃውንቱ ለብቻው ደንግገውለታል። ያለፈውም የሚመጣውም ዓመት በሙሉ በዚህ ተጠቃለለ፤ አንድም የዘመን መቁጠሪያ አልገለጥንም።

የማረጋገጫው ጉልበት እገሌ ላይ ነው። ስለ እገሌ የወንበር ቁጥር ከመሆኑ በቀር ምንም አላልንም። ጎዶሎ ነው፣ ትልቅ ነው፣ የ2016 ነው አላልንም። ስለማንም ለይተን ስላልተናገርን የተናገርነው ለማንም ይሆናል። ልጁ ፋሲካን በስምንት የተለዩ ዓመታት አየ፤ የባሕረ ሐሳቡ ሰው አንድ ያልተለየ ዓመት አየ። የተማመንነው በሁለተኛው ነው።

ታሪኩን በአጭሩ ላንሣ። «ሁሉ» እና «አንዳንድ» በሚሉት ላይ የተመሠረተውን የክርክር ሥርዓት አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት አበጀው። እሱ የተወልን ሥርዓት ግን ሁሉ-ባይና አለ-ባይ ሲደራረቡ፣ በባለቤትና በበግ ዓይነት ዝምድና ውስጥ ሲገቡ፣ አቅም ያንሰዋል። ይህን የፈታው ጀርመናዊው ጎትሎብ ፍሬጌ ነው፤ በ1879 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ። ዛሬ በመጽሐፋችሁ የምታዩት ወደ ኋላ የዞረው የላቲን ኢ የአለ-ባይ ምልክት ነው፤ ጣሊያናዊው ጁሴፔ ፔአኖ አስገባው። ራሱ ወደ ታች የተዘቀዘቀው የላቲን ኤ ደግሞ የሁሉ-ባይ ምልክት ነው፤ በ1930ዎቹ ከጌርሃርድ ጌንትዘን የመጣ ነው። ምልክቶቹ ለጽሑፍ ያመቻሉ እንጂ ዛሬ እንዳያችሁት ያለ እነሱም ትምህርቱ አይቆምም።

ተማሪዎች፣ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። «ለእያንዳንዱ ደብር፣ በየዓመቱ ዓመታዊ ንግሡ የሚከበርበት አንድ ቋሚ ቀን አለ።» በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ኳንቲፋየሮች አሉ፤ ስለ ደብር፣ ስለ ቀን፣ ስለ ዓመት። የትኛው ሁሉ-ባይ፣ የትኛው አለ-ባይ እንደሆነና በምን ተራ እንደቆሙ ጻፉ። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን አፍርሱት። አፍራሹን ከውጭ ወደ ውስጥ አንድ በአንድ አሳልፉት፤ ባለፈ ቁጥር ሁሉ-ባዩ አለ-ባይ፣ አለ-ባዩ ሁሉ-ባይ ይሁን። «በየዓመቱ ንግሥ የሌለው ደብር አለ» ብላችሁ ብትጨርሱ አላገኛችሁትም፤ እንደገና ሞክሩ። መልሱን በሳምንቱ በዚሁ ሰዓት አብረን እንሠራዋለን። እስከዚያ ግን ዘመዶቻችሁ «ሁሉም» እና «ማንም» ሲሉ ጆሮ ሰጥታችሁ አድምጡ፤ ታላላቆቻችሁን ስታርሙ ግን በአክብሮት ይሁን። ሰላም ዋሉ።

(የመዝጊያ ዜማ)